የአክስቴ ፌስታል፦ ዋርፋሪን፣ ጎመንና የሕማማት ሳምንት

ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። ስልኬ ጮኸ። የአክስቴ ልጅ ናት።

«የእማዬ ነስር አልቆም አለ» አለችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከራት በኋላ። ሁለተኛ ፎጣ ላይ ነን።»

እንቅልፌ ብን አለ። አክስቴ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ አላት። ዋርፋሪን ትወስዳለች፤ በሰፊው የደም ማቅጠኛ የምንለውን። «ሰገራዋስ ጠቁሯል?» ብዬ ጠየቅኩ። ልጅቷ ዝም አለች። ከጀርባዋ የአክስቴ ድምፅ ተሰማኝ፦ «የበዓሉ ምግብ ነው በዪው!»

ጥቁር፣ የሚያጣብቅ፣ ሬንጅ የመሰለ ሰገራ የዶሮ ወጥ ሥራ አይደለም። ጨጓራ ውስጥ የፈሰሰ ደም ነው። «መኪና ጥሪ፣ ሆስፒታል እንገናኝ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ፋርማሲስት ነኝ። ይህን እየተናገርኩ ትንሽ አፍራለሁ፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ታያላችሁ። አክስቴ ታሪኩን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። ያለችኝ «ስሜን ብቻ አታንሳ፣ የሰፈር ወሬ አታድርገኝ» ነው።

ነገሩ የተጀመረው በዚያች ሌሊት አይደለም። ስድስት ሳምንት ወደ ኋላ መመለስ አለብን። ከዚያ በፊት ግን አክስቴን ላስተዋውቃችሁ።

የብረት ቫልቭና የአይጥ መርዝ

54 ዓመቷ ነው። ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማት ነበር። እንጥሏን አስቆረጧት እንጂ ፔኒሲሊን የሰጣት ሰው አልነበረም። በወቅቱ ያልታከመ የጉሮሮ ቁስለት በአንዳንድ ልጆች ላይ የልብ ቫልቭ ይዞ ይሄዳል። የእሷንም ይዞ ሄደ። ከ11 ዓመት በፊት ህንድ ሄዳ ሚትራል የሚባለው ቫልቯ በሰው ሠራሽ ተቀየረላት፤ በተለምዶ የብረት ቫልቭ በሚባለው። ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ አጠገቧ ከተቀመጣችሁ እንደ ግድግዳ ሰዓት ጠቅ ጠቅ ሲል ይሰማል። የልጅ ልጆቿ ጆሯቸውን ደረቷ ላይ ለጥፈው ይቆጥሩታል።

ደም ባዕድ ነገር ሲነካ መርጋት ይወዳል። ቫልቩ ላይ የረጋች ቅንጣት ተነቅላ ወደ አንጎል ከሄደች ስትሮክ ነው። ለዚህ ነው ዋርፋሪንን እስከ ዕድሜ ልኳ የምትውጠው። ስሙ የደም ማቅጠኛ ይባል እንጂ ደምን አያቀጥንም። ጉበት በቫይታሚን ኬ እየታገዘ የሚሠራቸው አራት የደም ማርጊያ ፕሮቲኖች አሉ። ዋርፋሪን ሥራውን ጨርሶ የደከመው ቫይታሚን ኬ ታድሶ እንዳይመለስ መንገዱን ይዘጋበታል። ፕሮቲኖቹ ያንሳሉ፤ ደሙም ለመርጋት ይዘገያል።

ጎረቤቶቿ «የአይጥ መርዝ ነው እኮ የምትውጪው» ይሏታል። አልዋሹም። በፈረንጆቹ 1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ የሻገተ የመኖ ሣር የበሉ ከብቶች ደማቸው እየፈሰሰ ያልቁ ነበር። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ካርል ሊንክና ባልደረቦቹ ከዚያ ከሻገተ ሣር ጥፋተኛውን ኬሚካል ነጥለው አወጡት። ከእሱ ዘመዶች አንዱ በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ገበያ ወጣ። ዋርፋሪን የሚለው ስም መነሻው ምርምሩን የደገፈው የዊስኮንሲን ድርጅት የስሙ ምህጻረ ቃል ነው። በ1954 ለሰው ተፈቀደ። በማግስቱ ዓመት የልብ ሕመም ለደረሰባቸው ለፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ተሰጠ። አክስቴ ይህን ስነግራት «ለፕሬዚዳንት የተሰጠ መርዝ ከሆነማ ምናለበት» ብላ ስቃለች።

መጠኑ ልክ መሆኑ የሚታወቀው አይ ኤን አር በሚባል የደም ምርመራ ነው። መድኃኒቱን የማይወስድ ጤነኛ ሰው 1 አካባቢ ነው። ለአክስቴ የተቀመጠላት ከ2.5 እስከ 3.5 ነው። ከዚያ ከወረደ ቫልቩ ያሰጋል። ከዚያ ከወጣ ደግሞ ደም መፍሰስ።

ደብተሯን አይቻለሁ። ኅዳር 2.8። ታኅሣሥ 3.1። ጥር 2.9። መጠኗ በሳምንት 40 ሚሊ ግራም ነበር፤ አምስት ቀን አንድ ፍሬ፣ ሁለት ቀን አንድ ተኩል። ግማሿን በሽንኩርት ቢላ ነው የምትከፍላት። ረቡዕና ዓርብ ጎመን ትበላለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲሁ ናት። ያ 40 ሚሊ ግራም የተለካው ጎመኗን እየበላች ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

1.7

ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ። አክስቴ ሁዳዴን እንደ ወጉ ነው የምትጾመው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አትቀምስም። ከዚያ ሽሮ፣ ምስር፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጎመን። ከጓሮ የሚለቀም ስለሆነ ጎመኑ በየቀኑ ሆነ።

መጋቢት 11 ለክትትል ሄደች። አይ ኤን አሯ 1.7 ሆኖ ተገኘ። ወርዷል።

አንድ የተቀቀለ የጎመን ዓይነት፣ ፈረንጆቹ ኮላርድ የሚሉት፣ በአንድ ኩባያ ከ700 ማይክሮ ግራም በላይ ቫይታሚን ኬ ይይዛል። ለአንዲት ሴት በቀን የሚበቃት 90 ነው። ስለዚህ መውረዱ አያስገርምም። የዘጋነውን መንገድ በጎመን ከፍታዋለች።

ክትትል የምታደርግበት ቦታ ሁለት ነገር አደረጉላት። መጠኑን ወደ 45 ሚሊ ግራም ከፍ አደረጉ። «ጎመን የሚባል ነገር እንዳትነኪ»ም አሏት። የመጠን ጭማሪው ብቻውን ቢሆን ያስኬዳል፤ 12 በመቶ ገደማ ነው፣ ወጉን የጠበቀ። የጎመኑ እገዳ ግን ሌላ ነገር ነው። መድኃኒቱ ከፍ ብሎ ሳለ የሚመክተው ነገር በዚያው ቀን ከማዕዱ ተነሣ። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋሉ።

ይህ «ጎመን አትብሉ» የሚባለው ነገር በአገራችን የዋርፋሪን ታካሚ ሁሉ የሚሰማው ምክር ነው። ከነርሱ፣ ከጎረቤቱ፣ ከእኔም ቢጤ ፋርማሲስት። ለመናገር ይቀላል፤ ሦስት ሰከንድ አይፈጅም። «ምን ያህል ትበያለሽ? በሳምንት ስንቴ? አሁን ምን ተቀየረ?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ከደጅ 80 ሰው ተሰልፎ አምስት ደቂቃ ከየት ይመጣል? ይገባኛል። ግን ስህተት ነው። ጎመን የሚበላ ሰው ጎመኑን እየበላ መድኃኒቱ ይለካለታል። ችግር የሚመጣው ልኩ ሲዛባ ነው፤ ሲጨምርም፣ ሲቋረጥም።

አክስቴ ሐኪም ያላትን ታደርጋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎመን የለ፣ ሰላጣ የለ፣ ቆስጣ የለ። ድንችና ፓስታ፣ ሽሮና ድንች።

ቀጠሮዋ በሁለት ሳምንት ነበር። መጋቢት 25 ማልዳ ሄደች። «ሪኤጀንት (የመመርመሪያው ኬሚካል) አልቋል፣ የሚቀጥለው ሳምንት ተመለሺ» ተባለች። የሚቀጥለው ሳምንት ወረፋው ረዝሞ ተመለሰች። ከዚያ ሕማማት ገባ። «የግል ላቦራቶሪ ሂጂ» ብላ ልጇ ነግራት ነበር። «ሳያመኝ ምን ልክፈል» አለች። የአይ ኤን አር ክፋቱ ይኸው ነው። 1.7ም ሆነ 5 ሰውነት ላይ ምንም አይሰማም።

ሕማማት

በሕማማት ስግደት አለ። አክስቴ 54 ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴ ነው፣ ልቤ ነው አትልም። ሐሙስ ሚያዝያ 9 ደወለችልኝ።

«ልጄ፣ ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ።»

«እትዬ፣ ስግደቱን ቀነስ አድርጊ። ማስታገሻ ውሰጂ።»

«እሺ፣ ተባረክ።»

ይኸው ነው። ሃያ ሰከንድ። ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ከመስኮቱ ማዶ ሰው ተሰልፏል። ፓራሲታሞል ማለቴ ነበር። አላልኩም። እሷ ደግሞ ሰፈሯ ካለው ፋርማሲ «የጉልበት ማስታገሻ» ብላ ጠይቃ ዲክሎፌናክ ሰጧት። 50 ሚሊ ግራም፣ ጠዋትና ማታ።

(ፓራሲታሞልም ቢሆን እንደ ልብ አይደለም። ለጥቂት ቀን በቀን እስከ ሁለት ግራም ከሆነ ይሻላል። ከዚያ በላይ ለቀናት ሲወሰድ አይ ኤን አርን ከፍ ያደርጋል። ከዲክሎፌናክ፣ ከአይቡፕሮፌን ወይም ከአስፕሪን ጋር ሲወዳደር ግን ሰማይና ምድር ነው።)

ሐሙስ ማታ ከራት በኋላ አክፍሎት ገባች። እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህል አልቀመሰችም። የነፍስ አባቷ ለመድኃኒት መዋጫ ውሃ ፈቅደውላታል። ስለዚህ ዋርፋሪኑንም ዲክሎፌናኩንም በባዶ ሆድ ዋጠቻቸው። ሁለት ቀን ሙሉ የገባ ቫይታሚን ኬ የለም። ከዚያ በፊት ለአራት ሳምንት የገባውም ጥቂት ነው። ቫይታሚን ኬ ሰውነት ውስጥ ብዙ የሚከማች ነገር አይደለም፤ ጎተራው ትንሽ ነው።

«ሆዴን ነው የጠየቁኝ»

ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነበር። ከ55 ቀን ጾም በኋላ ዶሮው፣ ክትፎው፣ ቅቤው፣ አንድ ብርጭቆ ጠላም ተከተለ። ማክሰኞ ሆዷን ቆረጣት። ረቡዕ ሚያዝያ 15 እዚያው ፋርማሲ ሄደች። «አሜባ ይሆናል» ተባለ። ሜትሮኒዳዞል ሰጧት። 250 ሚሊ ግራሟን ሁለት ሁለት፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለሰባት ቀን። ያለ ምርመራ፣ ያለ ማዘዣ። ከዚያ ለሆዷ ብላ ማታ ማታ ነጭ ሽንኩርት በጥሬው ከማር ጋር፣ ሦስት አራት ፍሬ።

በኋላ «እትዬ፣ ዋርፋሪን እንደምትወስጂ ለምን አልነገርሻቸውም?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ሆዴን ነው የጠየቁኝ፣ ልቤን መች ጠየቁኝ?»

መልስ አልነበረኝም።

ሚያዝያ 19 ጠዋት መፋቂያዋ ጫፉ ቀልቶ አየችው። ጠንክሬ ፍቄ ይሆናል አለች። በማግስቱ ጭኗ ላይ መዳፍ የሚያህል ሰማያዊ ነገር ወጣ። የት እንደተጋጨች አታስታውስም። አልጋው ጠርዝ ይሆናል አለች። ለእያንዳንዷ ምልክት አንድ «ይሆናል» ነበራት። ሌሊቱን ነስሩ መጣ።

9.6

ድንገተኛ ክፍል የነበረው ሐኪም ወጣት ነው፤ ስሙን አልያዝኩትም እንጂ ሥራው እጁ ላይ ነበር። አፍንጫዋን በጎዝ ጠቀጠቀላት። ደም ወሰደ። አይ ኤን አር 9.6። የደሟን ማነስ የሚያሳየው ሄሞግሎቢኗ 8.2፤ ጥር ላይ 12.4 ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። ደም የሚፈሳት ሴት ናት፤ መመለስ አለበት። ግን ያ ቫልቭ ጠቅ ጠቅ እያለ ነው። ቫይታሚን ኬ በብዛት ከተሰጣት ደሙ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ግን ዋርፋሪን ለብዙ ቀን አይሠራላትም፤ ቫልቩም ደም ሊረጋበት ይችላል። ስለዚህ ዋርፋሪኑን አቆሙ። ወዲያው የሚሠራውን የደም ፕላዝማ ሰጧት። ቫይታሚን ኬ በጣም በትንሹ፣ በደም ሥር፣ ቀስ ብሎ። ሁለት ከረጢት ደም። ለጨጓራዋ የአሲድ መቀነሻ። በማግስቱ በካሜራ ሲታይ ጨጓራዋ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ቁስሎች ተገኙ፤ አንደኛው ገና ይደማል።

በሦስተኛው ቀን አይ ኤን አሯ 2.2 ደረሰ። ደሙ ቆሟል። ቶሎ የሚሠራው የደም መርጋት መከላከያ፣ ሄፓሪን፣ ተጀመረላት፤ ዋርፋሪኑም በቀድሞው 40 ሚሊ ግራም ተመለሰ።

ፌስታሉ

ሁለተኛው ቀን ላይ ቤቷ ሄጄ የመድኃኒት ፌስታሏን አመጣሁ። ቁም ሳጥኑ ላይ ነበር፤ ጥቁር ፌስታል፣ አፉ የተቋጠረ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ገለበጥኩት። ዋርፋሪን። የደም ግፊት መድኃኒት። ዲክሎፌናክ፣ ከ20 ፍሬ ሁለት የቀረው። ሜትሮኒዳዞል፣ ከ42 ስድስት የቀረው። የተፈረካከሰ ነጭ ሽንኩርት። ከአንድ ዓመት በፊት ያለፈበት የሳል ሽሮፕ። አንድ ፀበል የተቀዳበት ጠርሙስ።

የዲክሎፌናኩን ማሸጊያ ሳነሳ ሃያ ሰከንዷ ትዝ አለችኝ።

እንደ መርማሪ አንድ በአንድ እንያቸው።

ትልቁ ጥፋተኛ ሜትሮኒዳዞል ነው። ዋርፋሪን በአንድ እንክብል ውስጥ ሁለት መልክ አለው፤ እንደ ግራና ቀኝ እጅ ናቸው። አንደኛው ከሌላው ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ይበረታል። ይህን ብርቱውን ጉበት ውስጥ የሚያፈርስ ኢንዛይም አለ። ሜትሮኒዳዞል ያንን ኢንዛይም ያስተኛዋል። መጠኑ ሳይቀየር መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። 45 የዋጠች ሴት 70 እንደ ዋጠች ልትሆን ትችላለች። ባክትሪም የምንለው ኮትሪሞክሳዞልና ለፈንገስ የሚታዘዘው ፍሉኮናዞልም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። ሦስቱንም በየሰፈሩ ፋርማሲ እንደ ከረሜላ ነው የምንሸጣቸው።

ግን ለምን በመጀመሪያው ቀን አልደማችም? ፕሮቲኖቹ በአንድ ቀን አያልቁም። አንዱ በስድስት ሰዓት ገደማ ግማሹ ይጠፋል። ሌላው ግማሹ እስኪጠፋ ሦስት ቀን ሊጠጋ ይችላል። ለዚህ ነው ነገሩ አራተኛ አምስተኛ ቀን ላይ የሚፈነዳው፤ ሆዱ የተሻለው ሰው «መድኃኒቱ ተስማማኝ» በሚልበት ቀን። አክስቴ ያኔ ሆዷ በእርግጥ ተሽሏት ነበር።

ዲክሎፌናክ የተለየ ነው። አይ ኤን አሩን እምብዛም አያንቀሳቅሰውም። ሥራው ሁለት ነው። የጨጓራን መከላከያ ሽፋን ያሳሳል። ደም ሲፈስ ቀድመው የሚደርሱትን ፕሌትሌቶችም ሥራ ያስፈታል። ሜትሮኒዳዞል ምን ያህል እንደምትደማ ወሰነ፤ ዲክሎፌናክ ከየት እንደምትደማ ወሰነ። እኔ በሃያ ሰከንድ የሰጠሁት ምክር ድርሻው ይኼ ነው።

ነጭ ሽንኩርቱን ብዙ አልከስሰውም። በጥሬው በብዛት ሲበላ ፕሌትሌቶችን ሊያደክም ይችላል፤ ወጥ ውስጥ የሚገባው ግን ሌላ ነገር ነው። በዚህ ችሎት ትንሽ ተባባሪ ነው።

ወደ ጎመኑና ወደ አክፍሎቱ ስመጣ አንድ ሌላ ሰው ትዝ ይለኛል። በፈረንጆቹ 2003 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የታተመ የእንግሊዝ ታሪክ ነው። በሰባዎቹ ዕድሜ ያለ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደረቱን ታመመና አንቲባዮቲክ ወሰደ። የምግብ ፍላጎቱ ጠፋ። ለሁለት ሳምንት ክራንቤሪ ከሚባል ቀይ ፍሬ ጭማቂ በቀር ምንም አልበላም ማለት ይቻላል። ክራንቤሪ መጠጣት ከጀመረ ከስድስት ሳምንት በኋላ አይ ኤን አሩ ከ50 በላይ ሆኖ ተገኘ። ጨጓራው፣ አንጀቱና የልቡ ከረጢት ውስጥ ደም ፈሶ ሞተ። የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ስለ ክራንቤሪ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ወሬው ዓለምን ዞረ። ከዓመታት በኋላ ሰዎች ላይ በሥርዓት ሲሞከር ግን ክራንቤሪ በተለመደው መጠን ያን ያህል ጉልበት እንደሌለው ታየ።

እኔ የማነብበው እንዲህ ነው፤ ጭማቂው ርዕስ ሆነ፣ ባዶው ሳህን ተረሳ። ሁለት ሳምንት ያልበላ፣ አንቲባዮቲክ የወሰደ ሰው ነው። አሜሪካ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የሄዱ እናቶቻችን ሽንታቸውን ሲያቃጥላቸው «ክራንቤሪ ጠጪ» ይባላሉ፤ ከዚያ ዋርፋሪን የምትወስደዋ ትደነግጣለች። አንድ ብርጭቆ አያስደነግጥም። ለሽንቱ የሚታዘዘው ኮትሪሞክሳዞል ነው የሚያስደነግጠው።

የአክስቴም እንደዚያው ነው። ዘመድ ሁሉ ሊጠይቃት ሲመጣ «ጎመን በላች አይደል?» ይላል። ሴትየዋ እኮ ስድስት ሳምንት ጎመን አልነካችም! ይልቅ ባለመንካቷ ነው። በሁዳዴ የነበራት ብዙ ጎመን መድኃኒቱን አደከመው። መጠኑ ለዚያ ተብሎ ከፍ አለ። ከዚያ ጎመኑ ጠፋ፣ መጠኑ ግን ባለበት ቀረ። ሜትሮኒዳዞል በባዶ ጎተራ ላይ ነው የደረሰው። አይ ኤን አሯ ሚያዝያ 14፣ ማለትም ከሜትሮኒዳዞሉ በፊት ቢለካ አራት አምስት እንደሚሆን እጠረጥራለሁ።

በነገራችን ላይ ነገሩ ወደ ሌላም አቅጣጫ ይሄዳል። የቲቢ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ያንን የጉበት ኢንዛይም ያበዛዋል፤ ዋርፋሪን ተጠርጎ ይወጣል። መጠኑ ሁለት ሦስት እጥፍ የሚያስፈልገው ሰው አለ። ሪፋምፒሲኑ ሲያልቅ ደግሞ ኢንዛይሙ በሳምንታት ውስጥ ወደ ልኩ ይመለሳል። መጠኑን ያልቀነሰ ሰው ያኔ ይደማል፤ ቲቢው ከዳነ በኋላ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒንም ዘመዱ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ

በአምስተኛው ቀን የአክስቴ ሁለተኛ ልጅ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ደወለች። ነርስ ረዳት ናት፤ መድኃኒት በየቀኑ ታያለች።

«ኤሊኪውስ ልላክላት? እዚህ እኮ ሁሉም ሰው እሱን ነው የሚወስደው። ጎመን የለ፣ ምርመራ የለ።»

እውነቷን ነው። አፒክሳባን (ኤሊኪውስ የንግድ ስሙ ነው)፣ ሪቫሮክሳባንና ዳቢጋትራን የሚባሉት አዳዲስ መድኃኒቶች ከጎመን ጋር ጸብ የላቸውም፤ በየወሩም አይለኩም። ለብዙ ሰው ከዋርፋሪን ይሻላሉ። ለብረት ቫልቭ ግን አይሆኑም። ዳቢጋትራን በቫልቭ ታካሚዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በፈረንጆቹ 2013 ታትሟል። ከዋርፋሪን ጋር ሲነጻጸር ስትሮኩም ቫልቭ ላይ የሚረጋው ደምም የመድማቱም ነገር ስለበዛ ጥናቱ ሳያልቅ ነበር የቆመው።

ይህን ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ «እኔ እኮ ገዝቼ ሰው ላይ ልልክ ነበር» አለች። ሻንጣ ይዞ ከሚመጣ ዘመድ ጋር፣ ከሽቶና ከጫማ መሃል። ስንቱ ቤት እንዲህ ገብቶ ይሆን?

ሁለተኛው ፈተና

ከጨጓራዋ የተወሰደው ናሙና ኤች ፓይሎሪ የሚባለውን ባክቴሪያ አሳየ። መታከም አለበት፤ ካልታከመ ቁስሉ ይመለሳል። ሕክምናው ምንድን ነው? አሞክሲሲሊን፣ ክላሪትሮማይሲን፣ የአሲድ መቀነሻ። ለ14 ቀን። ክላሪትሮማይሲን ደግሞ ዋርፋሪንን ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። ሜትሮኒዳዞልን በእሱ ቦታ እናድርግ ቢባል፣ እሱን ደግሞ አይተነዋል።

ስለዚህ ማምለጫ የለም። መጋጨቱ እንደማይቀር እያወቁ መግባት ነው። አክስቴ ከሆስፒታል ወጥታ፣ ደሟ ተመልሶ፣ አይ ኤን አሯ ለሦስት ሳምንት በ2.7 እና በ3 መሃል ከረጋ በኋላ ነው የጀመሩላት። ከመጀመሯ በፊት ባለው ቀን ተለካች፤ 2.8። በአራተኛው ቀን 3.6። መጠኗ ከ40 ወደ 35 ወረደ። በስምንተኛው ቀን 3.1። በ14ኛው ቀን 2.9፤ አንቲባዮቲኩ አለቀ። ከሳምንት በኋላ 2.5 ሆነ፤ መጠኑ ወደ 40 ተመለሰ። አንዲት ጠብታ ደም አልፈሰሳትም።

መድኃኒቱ በባሕርዩ ከሚያዝያው ጋር ዘመድ ነው። ሴትየዋ ያቺው ናት። ልዩነቱ አራተኛው ቀን ላይ አንድ ሰው መርፌ ይዞ መጠበቁ ነው። ምርመራውን በግል ላቦራቶሪ ነው ያደረግነው፤ ሪኤጀንት እንዳያልቅብን ፈርተን። ሁሉም ሰው ይህን መክፈል እንደማይችል አውቃለሁ። ይህ ለብቻው የሚያናድድ ጉዳይ ነው፤ አንድ ቀን እጽፍበታለሁ።

ጎመኑስ? ተመለሰ። ረቡዕና ዓርብ፣ አንድ ጭልፋ። እንደ ድሮው።

ደብተሯ ላይ ከአይ ኤን አሩ ቁጥር ጎን አንድ ዓምድ ጨመርንላት። «ምን ተቀየረ?» የሚል። አጻጻፏ የራሷ ነው። አንዱ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ጉንፋን። ዳማ ከሴ ጠጣሁ። ሁለት ቀን አልበላሁም። ለልጁ ደወልኩ።» ሌላው፦ «ጥርሴን አመመኝ። ሰውየው ፍላጂል ሊሰጠኝ ሲል ልቤን ነገርኩት። ተወው።» ፍላጂል የምንለው ያው ሜትሮኒዳዞል ነው። ይህችን ሳነብ ደብተሩን ይዤ ለትንሽ ጊዜ ቆምኩ።

ሐምሌ 29 ማታ ስልኬ ጮኸ። ቀና ብዬ ሰዓቱን አየሁ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ የራት ሰዓት። አሁን ስሟን ስክሪኑ ላይ ሳይ ሰዓት ማየት ልማድ ሆኖብኛል።

«ልጄ፣ ከነገ ወዲያ ፍልሰታ ይገባል።»

«እንኳን አደረሰሽ እትዬ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ጎመን በየቀኑ ልበላ ነው። እንዳትከለክለኝ፣ ከልክላችሁኝ አይተነዋል። መቼ ልለካ?»

«ከጀመርሽ በሳምንቱ።»

«ጉልበቴንም ያመኛል።»

«ፓራሲታሞል፣ እትዬ። ፓ-ራ-ሲ-ታ-ሞል። 500ዋን፣ በቀን ከአራት ፍሬ እንዳታልፊ። ሌላ ነገር ቢሰጡሽ ሳትውጪ ደውዪልኝ።»

«ቆይ፣ ልጻፈው» አለች። እስክሪብቶ ስትፈልግ መሳቢያው ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማኛል።